«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ የትኛውን ስም?

ሰሞኑን ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጇ ጣይቱ ትባላለች፤ ገና ሕፃን ናት። አንዱ እንግዳ አሻንጉሊቷን ለሌላ ልጅ እንድትሰጥ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። ሰውየው «ወይ ታይቱ! እውነትም ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔን ሁለት ነገር ከነከነኝ፤ የስሟ አጠራርም፣ ተረቱም።

ከተረቱ ልጀምር። ዛሬ የምንጠቅሰው የሰው ስምና ጠባይ ሲገጥም ብቻ ነው። መነሻው ግን ክርስትና ማንሳት ነው ባይ ነኝ።

አጋሮ አካባቢ ስናድግ የክርስቲያን ልጅ ሁለት ስም ነበረው። አንዱ የቤት ስም ነው። አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የመጡ ሴቶች ገንፎ እየበሉ ያወጡታል። ቀድሞ ልጅ የሞተባት ከሆነች ምትኬ ወይም ካሳ ይሉታል። ቤቱ ሐዘን ላይ ከነበረ ማስረሻ ይሆናል። ይኼ የሰው ስም ነው፤ የእናትን ሆድ ያውቃል። ሁለተኛው የሚመጣው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። እሱን እናትም አባትም አይመርጡትም። ቄሱ ናቸው የሚያወጡት፣ ብዙ ጊዜም የዕለቱን በዓል ተከትለው።

የእህቴ ክርስትና ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል ቀን ነበር። ክርስትና እናቷ ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ናቸው። ቄሱ ስሙን አንዴ ነው የነገሯቸው። እንዳይጠፋባቸው ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈው፣ በጭቃው መንገድ «ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሚካኤል» እያሉ ቤት ድረስ መጡ። መንገድ ላይ ሰላም ላላቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ ሌላ አፋቸውን ለሰላምታ አልከፈቱም። ስሙን ለአያቴ ካስረከቡ በኋላ ነው ውሃ የጠየቁት።

በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል ነው። በእነዚህ ቀናት ክርስትና የተነሳች ልጅ ስሟን መልአክ አላወጣውም ትላላችሁ? ተረቱ ከዚሁ ተወልዷል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉም ያግዘኛል። በሉቃስ ወንጌል ገብርኤል ዘካርያስን ልጅህን ዮሐንስ በለው አለው። ካህኑ ስላላመነ ስሙን ሰሌዳ ላይ እስኪጽፍ አንደበቱ ተዘጋ። በዘፍጥረት ደግሞ እስማኤል የሚለውን ስም ለአጋር የነገራት መልአክ ነው። ጅማ ላይ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ተረቱን ሲሉት የምሰማው አለምክንያት አይመስለኝም። እነሱም ቢሆኑ በ7ኛው ቀን አቂቃ፣ ማለትም ለተወለደው ልጅ የሚታረደውን፣ አርደው ስም ሲያወጡ ነው ያየሁት። ጥድፊያ የለም።

ወደ ጣይቱ ልመለስ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የውሃውን ምንጭ አስይዘው የጣሊያንን ምሽግ ያስጨነቁት እቴጌ ጣይቱ ብጡል የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው። መልአክ ያወጣው እሱን ነው! ጣይቱ የቤት ስም ነው። ጣይ ፀሐይ ናት፤ ባላገር ጸሎትን ጠሎት እንደሚለው ማለት ነው። በእኔ ልጅነት ይህ ስም ብርቅ ነበር። ክፍላችን በጫልቱ፣ በዘይነባና በአበባ ተሞልቶ ጣይቱ የምትባል አንዲት አልነበረችም። አሁን ወጣት ወላጆች ሲያነሱት ደስ ይለኛል። ግን ካነሳችሁት ጠን ተ አታድርጉብን። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቿ ልጅቱን አስተካክለው ነው የሚጠሯት፤ ጠ በቋንቋቸው አለች። ታይቱ የሚሏት ስሟን ስልክ ላይ በላቲን ፊደል ያነበቡት ናቸው።

ይባስ ብሎ ልጅ ሳይወለድ በአልትራሳውንድ ጾታው ይታወቃል፣ ስሙ ኬክ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአኩ መቼ ተጠየቀ? መርጣችሁ ካወጣችሁት «እኛ ነን ያወጣነው» በሉ፤ ምንም ነውር የለውም። እነዚሁ ወላጆች የልጃቸውን የክርስትና ስም ስትጠይቋቸው ወረቀቱን ፍለጋ መሳቢያ ይከፍታሉ።