«አርጅቶ ነው የቀላው»፦ ስለ ድሮ ስላይድ ፊልም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር፣ አጎቴ አልጋ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ በስላይድ ተሞልቷል፤ ስላይድ ማለት በካርቶን የተከፈፈ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚታይ ትንሽ የፊልም ፎቶ ነው። ባለፈው ጥምቀት ከፈትነው። አንዱን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት፤ ፋሲል መዋኛ ነው። ውሃው ቀልቷል፣ የሰዉ ነጠላ ሁሉ ሮዝ ሆኗል። ቀጥሎ ያለው የፋሲል ግንብ ግን ሰማዩ ትናንት የተነሳ ይመስላል።

«አርጅቶ ነው የቀላው» አለ አጎቴ።

ጋሼ፣ እድሜያቸው እኮ አንድ ነው! ሁለቱንም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ያነሳቸው። ልዩነቱ የካርቶን ክፈፉ ላይ ተጽፏል። የቀላው ኤክታክሮም ነው፣ ደህናው ኮዳክሮም፤ ሁለቱም የኮዳክ ኩባንያ የስላይድ ፊልሞች ናቸው። የዚያን ዘመን ኤክታክሮም ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥም ሲያን የሚባለው ሰማያዊ-አረንጓዴ ቀለሙ ይሳሳል፤ ያኔ ቀይ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። የኮዳክሮም ቀለም ግን ፊልሙ ሲታጠብ ነው የሚገባው፣ ጨለማ ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡት ኤክታክሮሞች በጣም ተሻሽለዋል።

«ኮዳክሮም ከሆነ ምንም አይነካውም።» ይነካዋል እንጂ። የፕሮጀክተር መብራት ላይ ከኤክታክሮም ቀድሞ ይደበዝዛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ላይ አብርቶ ወሬ መጀመር ለእሱ ጥሩ አይደለም።

«ጎንደር ደጋ ነው፣ ፊልም አይሻግትም።» ይሄኛው አናደደኝ፣ ምክንያቱም እኔም አምኜው ነበር። ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ እውነት። ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ አለ፣ አልጋ ሥር ያለው ወለልም እርጥብ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ነው፤ ለሻጋታ ምግብ ነው ማለት ነው። ሻጋታው ብርሃን ላይ ሲታይ የሸረሪት ድር ይመስላል። እኔ ደግሞ ጥጥ በውሃ ነክሬ ጠረግኩት። ሻጋታ የበላው ጄላቲን በውሃ እንደሚሟሟ አላወቅኩም። የአንዱ ቄስ ፊት ከጥጡ ጋር ሄደ። መጥረግ ካስፈለገ ውሃ የሌለው የፊልም ማጽጃ አለ።

«ከቀላ አለቀለት» ለሚለው፦ ቀለሙ ጨርሶ ካልጠፋ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል። የመዋኛውን ሞከርኩት፣ ነጠላው ነጭ ሆነ። ስላይዱ ራሱ ግን አሁንም ቀይ ነው። ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር አውጥተን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን አስገባነው።