ቆመጥ ምንድን ነው? ዱላ ሁሉ ቆመጥ አይደለም

«ቆመጥ የያዙ ገበሬዎች» የሚል ጽሑፍ ከፎቶ ሥር ተለጥፎ ማየት ተለምዷል። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ግን የያዙት ቁመታቸውን የሚያህል ዘንግ ነው። አንደኛው ዘንጉን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ከግራና ከቀኝ አንጠልጥሎበታል። በቆመጥ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ከትከሻ ትከሻ በቅጡ አይደርስም። ሰዎቹ ከገበያ ይመለሱ፣ ከብት ይንዱ፣ ከፎቶው አይታወቅም። የፎቶው መግለጫ ግን ለጠብ የወጡ አስመስሏቸዋል።

ቆመጥ አጭርና ወፍራም ዱላ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይዘልም፤ በአንድ እጅ ይጨበጣል፤ ክብደቱ ወደሚመታው ጫፍ ያደላል። ስሙ ከ«ቆመጠ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ ተቆርጦ ያጠረ ማለት ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ «ጎመድ»ም ቆረጠ ከሚለው «ጎመደ» የወጣ የትርጉም ዘመዱ ነው፦ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ከይሁዳ ጋር የመጡት ሰዎች «ሰይፍና ጎመድ» ይዘው ነበር። ቆመጥን አይመረኮዙበትም፤ መሬት አይደርስም። ከብት አይነዱበትም፤ እንስሳው ላይ ለመድረስ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ዋናው ሥራው መምታት ነው። ፖሊስ ቀበቶው ላይ የሚያንጠለጥለውም በጠባብ ቦታና በሰው መሃል ስለሚወዘወዝ ነው።

ሸክላ ተራ ሄዶ ጋኑንም፣ እንስራውንም፣ ገንቦውንም «ማሰሮ» እያለ የሚጠራ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ አይገዛም። ሁሉም ከጭቃ ተሠርቷል፣ ሁሉም በእሳት አልፏል፤ ስሙን የሚሰጠው ግን መጠኑና ሥራው ነው። ጋን ጠላ ተጠንስሶበት ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ እንስራ በጀርባ ታዝሎ ውሃ ያመጣል። እንጨቱም እንደዚሁ ነው። ዘንግ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ የእረኛና የመንገደኛ ነው። ከዘራ እጀታው የተቆለመመ የሽማግሌ መያዣ ነው። ምርኩዝ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል፤ «በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» የሚለው መዝሙር ሁለቱን ለይቶ የጠራው በከንቱ አይደለም። መቋሚያ የማኅሌት ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚቆመውን ይደግፋል፣ በዝማሜ (ከዜማው ጋር በሚደረገው መወዛወዝ) ጊዜም ከእጅ ጋር ይወዛወዛል፤ ዱላ ብለው ቢጠሩት ካህናቱ ቅር ይላቸዋል። አርጩሜና ልምጭ ቀጫጭን እርጥብ ቅርንጫፎች ናቸው። ዱላ ደግሞ ልክ «የሸክላ ዕቃ» እንደሚባለው ጥቅል ስም ነው። ቆመጥ ግን ጥቅል ስም ሆኖ አያውቅም። ንጽጽሩን እስከ ስብራቱ ከወሰድነው ልዩነት ይመጣል፦ ጋን ሲሰበር ገል ይሆናል እንጂ ገንቦ አይሆንም፤ ዘንግ ግን በጠብ መሃል ለሁለት ሲሰበር ግማሹ እጁ ላይ የቀረው ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቆመጥ ይዟል።

«ሁሉም እንጨት ነው፤ ሰው ከተመታበት ምን ልዩነት አለው?» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ገላው ራሱ ይመሰክራል። ክብ የሆነ ዱላ ሥጋ ባለበት ቦታ በኃይል ሲያርፍ ደሙ ወደ ጎንና ጎን ስለሚገፋ ሁለት ትይዩ ሰንበር ይወጣል፤ መካከሉ ደህና ይመስላል። (በጠቆረ ቆዳ ላይ ቀለሙ ቶሎ ስለማይለይ እብጠቱን በጣት ዳስሶ መፈለግ ይገባል፤ «ምንም አይታይም» ተብሎ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።) ቆመጥ ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ የሚገኝ ስለሆነ ይተረተራል፤ ቁስሉም የቢላ ይመስላል። ከፈት አድርጎ ያየ ሰው ግን ከዳር ዳር የተዘረጉ ያልተበጠሱ ክሮች ያገኛል፤ ቢላ ቢሆን ኖሮ ይቆርጣቸው ነበር። ተመቺው በክንዱ ከመከተ በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት መሃሉ ላይ ሊሰበር ይችላል።

አማርኛውም ይህን ልዩነት በግሶቹ ይዞታል። በልምጭ ይሸነቁጣሉ፣ በአለንጋ ይገርፋሉ፣ በዱላ ይነርታሉ፣ በቆመጥ ይቀጠቅጣሉ። «በቆመጥ ተገረፉ» የሚል ዜና የጻፈው ሰው ወይ መሣሪያውን ወይ ድርጊቱን አላወቀም። መገረፍ የሚለመጥ ነገር ይፈልጋል።

የእንጨቱም ምርጫ እንደ ሥራው ነው። ለዱላ ወይራና ክትክታ ይወደዳሉ፤ ሁለቱም ጠጣር ናቸው። ቅርፊቱ ይላጣል፣ በእሳት ለብ እየተደረገ ይቃናል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ከዚያ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። እርጥቡን ፀሐይ ላይ ከጣሉት ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ለዘንግ ጠላት ነው፤ የእንጨቱ ቃጫ እዚያ ላይ ስለሚጣመም ረጅሙ ዘንግ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው። ለቆመጥ ግን ጉጥ ጫፉ ላይ ከዋለ ራስ ይሆነዋል። ሽመል የሚባለው የቆላው ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ጥሩ ዘንግ ይወጣዋል፤ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ለአጥርና ለቤት ዕቃ ይሻላል። ከሽመል ቆመጥ መሥራት እንጨት ማባከን ነው፤ አጥሮ ሲቆረጥ ክብደት ያንሰዋል።

«ዱላ» የሚለው ቃል መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ምቱንም ይጠራል፤ ይህ ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው። «ዱላ ቀመሰ» የተባለ ሰው በጡጫ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። «ዱላ ቀረሽ ክርክር» ውስጥ እንጨት የለም። «ቆመጥ ቀረሽ» ግን ማንም አይልም፤ ቆመጥ ሁልጊዜ ዕቃው ራሱ ነው። «አጭር ከሆነ ቆመጥ ነው» ብሎ የሚከራከርም የሩጫውን ዱላ ቅብብል ይመልከት፦ ሯጮቹ የሚቀባበሉት ከ28 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ክብደቱ ከ50 ግራም የማያንስ ቱቦ ነው። ከተለመደው ቆመጥ ያጥራል፤ ቀላል ስለሆነና ለመቀባበል ስለተሠራ ግን ዱላ ይባላል።

የወንጀል ሕጉ ለስሙ ግድ የለውም፤ አንቀጽ 556 ቅጣቱን የሚያከብደው ጉዳት ለማድረስ የሚችል መሣሪያ ሥራ ላይ ከዋለ ነው። ቃል የሚሰጥ ምስክር ግን «በዱላ መታው» ብሎ ባያቆም መልካም ነው። እንጨቱ ቆሞ ቢለካ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ ወይስ እስከ ትከሻ ይደርስ እንደነበር፣ ውፍረቱ አውራ ጣት ወይስ የእጅ አንጓ ያህል እንደሆነ፣ ጫፉ ጉጥ ወይም ብረት ይኑረው አይኑረው፣ መቺው በአንድ ወይስ በሁለት እጁ ይዞት እንደነበር ይናገር። እነዚህን ከተናገረ ስሙን ቢሳሳት እንኳ ሐኪሙ ከቁስሉ ጋር ያመሳክረዋል።