ለመልሶ ግንባታ የሚገዛ አንጋፋ ተከላካይ ምንድን ነው?

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ቡድንን ከሥሩ መገንባት ማለት ነባር ኮከቦችን ሸጦ የድራፍት ምርጫ፣ ማለትም ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ መብት፣ ማጠራቀም፣ ልጆቹ እስኪጎለምሱም ሽንፈትን ችሎ መክረም ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ጁላይ 1 ገበያው ሲከፈት ዕድሜው ከ30 ያለፈ ተከላካይ ሲያስፈርም ደጋፊው ግራ ይገባዋል። ቦታው ለልጆቹ ከሆነ ሰውየው ምን ሊሠራ መጣ?

የመጣው ከባዶቹን ደቂቃዎች ሊሸከም ነው። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ተከላካዮች በሦስት ጥንድ ሆነው ይፈራረቁበታል። ደቂቃዎቹ ግን እኩል አይከብዱም። በራስ ግብ አጠገብ የሚጀመር ጨዋታ፣ አንድ ሰው በቅጣት ወጥቶ በአራት የሚከላከሉበት ሁለት ደቂቃ፣ የተጋጣሚ ምርጥ አጥቂዎች የሚገቡበት ፈረቃ፣ እነዚህን አንድ ሰው መውሰድ አለበት። አጥቂ ልጅ በተጋጣሚ ግብ አካባቢ ፓኳን (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱባትን ጠፍጣፋ ክብ) ቢነጠቅ ከኋላው ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ በረዶ አለ። ተከላካይ ልጅ በራሱ ግብ ፊት ቢነጠቅ ከኋላው ያለው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። ይህ ሲደጋገምበት ልጁ ፓኳን ይዞ መውጣት ይተውና በአጥሩ መስታወት አስታኮ ወደ ውጭ መወርወር ይለምዳል፤ ልማዱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ስለዚህ አንጋፋው ዋጋ የሚያወጣው ከልጁ ጋር ሲጣመር ነው። ልጁ ወደፊት ሲሄድ እሱ ይቀራል። ልጁ ከግቡ ጀርባ ፓክ ሊያነሳ ዞሮ ሲሮጥ የሚያሳድደውን ስለማያይ፣ «ጊዜ አለህ»፣ «ሰው አለብህ» እያለ የሚጮኽለት እሱ ነው። ለወጣት አጥቂዎችም ይጠቅማል፤ የመጀመሪያዋ ቅብብል ካልተስተካከለች የድራፍት አንደኛው እንኳ ፓክ ሲያሳድድ ይመሻል።

ሳን ሆዜ ሻርክስን እንመልከት። በ2023–24 እና በ2024–25 ከሊጉ መጨረሻ ወጣ። በጁላይ 2025 ዲሚትሪ ኦርሎቭን በዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት ዓመት፣ ጆን ክሊንግበርግን በ4 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት አስፈረመ፤ ኒክ ሌዲን ደግሞ ሴንት ሉዊስ በዌቨር (ሌሎች ክለቦች ተጫዋቹን ከነውሉ ሊወስዱት በሚችሉበት ዝርዝር) ሲለቀው ምንም ሳይሰጥ ከነውሉ ወሰደው። ከስሞቹ ይልቅ ዓመታቱን ማየት ይበጃል፤ አንዱም ውል ከሁለት ዓመት አያልፍም። ሌላም ምክንያት አለ። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን የቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ከሱ በታች መውረድ የሌለበት ወለልም አለው፤ ለ2025–26 ወለሉ 70.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በልጆች ርካሽ የጀማሪ ውል የተሞላ ቡድን ያን ለመድረስ የሆነ ቦታ ገንዘብ ማውጣት አለበት።

ሦስተኛው ጥቅም ሽያጭ ነው። በጁን 2024 ዲትሮይት የጄክ ዋልማንን ደመወዝ ለመገላገል ሁለተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ለሻርክስ ሰጠው። በማርች 2025 ሻርክስ ያንኑ ሰው ለኤድመንተን ሸጦ ቅድመ ሁኔታ ያለው አንደኛ ዙር ምርጫ አገኘበት። ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን የዝውውር ቀነ ገደብ ሲቃረብ ተከላካይ ይርበዋል፤ ሻጩ እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ደመወዝ ራሱ ቢሸከም ዋጋው ይጨምራል። ለዚህም ነው ያለ ፈቃዱ አይዘዋወርም የሚል አንቀጽ ለእንዲህ ያለ ተጫዋች በሙሉ መስጠት ሞኝነት የሚሆነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በቁጥር ነው። ቡድኑ የሚይዘው 23 ሰው ነው፤ ስምንት ተከላካይ ከበቂ በላይ ነው። አንጋፋው ወደ ታችኛው ሊግ የሚላከው መጀመሪያ በዌቨር ለሌሎች ክለቦች ቀርቦ ነው፤ በጀማሪ ውል ያለው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለዚያ ይወርዳል። ስለዚህ መጨናነቅ ሲመጣ የሚወርደው ደካማው ሳይሆን ለማውረድ የሚቀለው ነው። በእኛ ግምት ሦስት አንጋፋ፣ በየጥንዱ አንድ አንድ፣ ጣሪያው ነው።

ሌላው እግር ነው። ቀድሞ የሚከዳው ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ የሚመጣን አጥቂ ተከትሎ ድንገት መዞር ነው፤ ያን ጊዜ ልጁን ሊጠብቅ የመጣው አንጋፋ ራሱ ጠባቂ ያሻዋል። ቺካጎ ብላክሆክስ በጁላይ 2024 ቲ.ጄ. ብሮዲን በዓመት 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት ዓመት አስፈርሞ ከአንድ ውድድር ዘመን በኋላ ውሉን ገዝቶ አሰናበተው። በእሱ ዕድሜ ውል ገዝቶ የማሰናበት ሕግ ስሌት የቀሪውን ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ በቀሩት ዓመታት እጥፍ መክፈል ነው፤ የቀረው አንድ ዓመት ስለነበር ክፍያው በሁለት ዓመት የሚፈጸም ሆነ። ውሉ አራት ዓመት የቀረው ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ልጆቹ ትልቅ ደመወዝ በሚጠይቁበት ጊዜ ሳይቀር፣ ለስምንት ዓመት ይከተላቸው ነበር።