የሊንከን አዋጅ ነጻ ያወጣቸውና ያላወጣቸው

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ያወጡት የነጻነት አዋጅ በመላው አሜሪካ ባርነትን እንዳስቀረ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አዋጁ በጦር አዛዥነት ሥልጣናቸው በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት የወጣ የጦርነት እርምጃ በመሆኑ የሚመለከተው ከኅብረቱ (ከፌዴራል መንግሥቱ) ተገንጥለው ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነበር። ባርነትን ሳይተዉ ከኅብረቱ ጋር የቆዩት ኬንታኪ፣ ደላዌር፣ ሜሪላንድና ሚዙሪ አልተካተቱም። በአመፁት ግዛቶችም ቢሆን አዋጁ የሚሠራው የኅብረቱ ጦር በደረሰበት ልክ ነበር፤ ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር በቴክሳስ፣ ጋልቨስተን የነጻነቱን ትእዛዝ ያወጡት ጁን 19 ቀን 1865 ሲሆን፣ ዛሬ በአሜሪካ ጁንቲንዝ ተብሎ የሚከበረው ይህ ቀን ነው።

ባርነትን በመላ አገሪቱ ያገደው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ በኬንታኪና በደላዌር የቀሩት ባሪያዎችም ነጻ የወጡት ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ማሻሻያው በወንጀል ለተፈረደበት ሰው ቅጣት የሚሆን የግዳጅ ሥራን ፈቅዷል፤ በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው። በ1865 መጨረሻ በወጣው የሚሲሲፒ ሕግ መሠረት፣ ከጃንዋሪ 1866 ጀምሮ ሥራ የሌለው ሆኖ የተገኘ ነጻ የወጣ ጥቁር በቦዘኔነት እስከ 50 ዶላር ይቀጣል፤ በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ ሸሪፉ (የአካባቢው የሕግ አስከባሪ ሹም) መቀጮውን ለሚከፍልለት ሰው ጉልበቱን ያከራየዋል። እንዲህ ያሉ ሕጎች ኮንግረሱን አስቆጥተው በ1866 ለወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት ቢሆኑም፣ እስረኞችን ለኩባንያዎች ማከራየት በአላባማ እስከ 1928 ድረስ ቀጥሏል።