ሦስቱ የጥንት ግሪክ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎች

የትኛውንም ዘዌ ለሦስት እኩል መክፈል። የአንድን ኩብ ይዘት እጥፍ ማድረግ። ከተሰጠ ክብ ጋር እኩል ስፋት ያለው ካሬ መሥራት። ሦስቱም ጥያቄዎች ከጥንታዊት ግሪክ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ይሠሩ የተባሉ ናቸው። ጥያቄውን ለመረዳት የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል። የመጨረሻው መልስ ግን ከ2000 ዓመት በላይ ፈጀ። መልሱም «አይቻልም» ሆነ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ማስመሪያው ቁጥርም ምልክትም የለውም፤ ሁለት ነጥቦችን በቀጥታ መስመር ከማገናኘት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ኮምፓሱ ክብ ይሠራል። በቃ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድም ጂኦሜትሪውን ያነጸው በመስመርና በክብ ነው።

ስለ ኩቡ የሚነገር ታሪክ አለ። በዴሎስ ደሴት ወረርሽኝ ገባ። ሰዎቹ ምን ይሻለናል ብለው ቢጠይቁ፣ የኩብ ቅርጽ ያለውን መሠዊያ እጥፍ አድርጉት ተባሉ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ ጎኑን እጥፍ ካደረጉት ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጎኑ ማደግ ያለበት በ1.26 ገደማ ቢባዛ ነው። ግሪካውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት አርኪታስና ሜናይክሞስ መላ አላጡለትም፤ ግን ከማስመሪያና ከኮምፓስ ውጪ የሆኑ ቅርጾችን ተጠቅመው ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ ከሦስቱ የሚያምረው የዘዌው ነው፤ ምክንያቱም ለጥቂት ያመልጣል። 90 ዲግሪ ያለችግር ለሦስት ይከፈላል። 60 ግን እምቢ ይላል። አርኪሜዲስ ደንቡን በጥቂቱ አላልቶ አሳምሮ ከፍሎታል። የዘዌውን ጫፍ መሐል አድርገን ክብ እንሥራ። አንዱ ክንድ ክቡን የሚቆርጥበትን ነጥብ «ሀ» እንበለው። ሌላውን ክንድ በመሐሉ አሳልፈን ወደ ኋላ፣ ከክቡ ውጪ እናስረዝመው። ማስመሪያው ላይ የክቡን ሬዲየስ የሚያህል ርቀት በሁለት ጭረት እናመልክት። ከዚያ ማስመሪያው በ«ሀ» እንዳለፈ፣ አንዱ ጭረት ክቡ ላይ፣ ሌላው በተራዘመው መስመር ላይ እስኪያርፍ እናንሸራትተው። ውጪ የተፈጠረችው ትንሽ ዘዌ የመጀመሪያው ዘዌ ሲሶ ናት። ልዩነቱን ያመጡት ሁለቱ ጭረቶች ብቻ ናቸው!

እንዲህ ለጥቂት ስለሚያመልጥ ነው ሰው ተስፋ ያልቆረጠው። «ፈታሁት» የሚለው ሰው ስለበዛ የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ በ1775 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ጥያቄዎች መፍትሔ ከእንግዲህ አልመረምርም አለ።

ቁርጡን የነገረው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ዋንትዜል ነው፤ በ1837 እ.ኤ.አ.፣ በ23 ዓመቱ። ማስመሪያና ኮምፓስ የሚሠሩት ሁሉ ወደ አልጀብራ ሲገለበጥ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ስኩዌር ሩት ማውጣት ብቻ ነው። ኩቡን እጥፍ ለማድረግ ግን የ2 ኩብ ሩት ያስፈልጋል፤ ስኩዌር ሩት የቱንም ያህል ቢደራረብ እዚያ አያደርስም። 60 ዲግሪን ለሦስት መክፈልም እዚያው ላይ ይሰናከላል። ክቡን ካሬ ማድረግ ደግሞ እስከ 1882 እ.ኤ.አ. ቆየ። ያን ጊዜ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሊንደማን፣ የክብ ስፋት የሚሰላበት ፓይ፣ አባዢዎቹ ሙሉ ቁጥር የሆኑ የየትኛውም የአልጀብራ እኩልታ መልስ እንደማይሆን አረጋገጠ፤ በማስመሪያና በኮምፓስ የሚገኝ ቁጥር ሁሉ ግን የእንዲህ ዓይነት እኩልታ መልስ ነው።

«እስካሁን አልተገኘም» እና «ሊገኝ አይችልም» በጣም ይለያያሉ። ይህን ለተማሪ ማስረዳት የመምህር ሥራ ነው። ጀርመናዊው ፌሊክስ ክላይን በ1895 እ.ኤ.አ. ሦስቱን ጥያቄዎች ለመምህራን ብሎ ያብራራው ለዚህ ነበር። ትልቅ ተመራማሪ ሆኖ ሳለ የክፍል ትምህርትን አልናቀም፤ ለእኔ ክብሩ እዚህም ላይ ነው።

መምህር ከክፍል ውጪም ያስፈልጋል። በ1897 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት አንድ ሐኪም ክቡን ካሬ አደረግሁ ብሎ ነገሩ ረቂቅ ሕግ ሆነ። የታችኛው ምክር ቤት 67 ለ0 አሳለፈው። በአጋጣሚ እዚያ የነበሩት የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መምህር ዋልዶ ጉዳዩን ሰምተው ለሴናተሮቹ አስረዱ፤ ረቂቁም ሴኔት ውስጥ ቀረ።

መሣሪያው ከተቀየረ ግን መልሱም ይቀየራል። በ1936 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊቷ ማርጌሪታ ቤሎክ ወረቀት በማጠፍ ብቻ ኩብ ሩት ማውጣት እንደሚቻል አሳየች። ሁለት ነጥቦችን በአንድ እጥፋት በሁለት መስመሮች ላይ ማሳረፍ ነው። ዘዌን ለሦስት መክፈልም በዚሁ እጥፋት ይሠራል፤ ለክፍል ማሳያ አንድ ወረቀት ይበቃል።