የእምነትን መንገድ መተረክ፦ የሞርሞኖች ምስክርነት ከድሬዳዋ ሲታይ

ምስክርነት በሞርሞኖች ዘንድ አንድ አማኝ በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዴት እንዳመነ፣ በመንገዱ ምን እንዳጋጠመውና ዛሬ በምን ላይ እንደቆመ በራሱ አፍ የሚናገርበት ልማድ ነው። ቤተክርስቲያኗ በሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ትባላለች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መሪዎቿ በዚህ ስም እንድትጠራ አጥብቀው ይጠይቃሉ። እዚህ «ሞርሞን» የምለው አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው በዚህ ስም ስለሆነ ነው። ዋና መቀመጫዋ በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። አባላቷ በዓለም ዙሪያ ከ17 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ድሬዳዋ ውስጥ ስለዚህች ቤተክርስቲያን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ይኖራል። ምስክርነትን ግን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከየአገሩ የመጣው ምእመን በከተማችን አልፎ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጎርፋል። እዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ «ተስዬ ነበር፣ ሰጠኝ፣ ይኸው ይዤው መጣሁ» ስትል አጠገቧ ያለችው የማታውቃት ሴት እልል ትላለች። በጴንጤዎች ጸሎት ቤት «ምስክርነት ያለው ይምጣ» ሲባል ወረፋ ይያዛል። ከሐጅ የተመለሰ ጎረቤት ቤት ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ የመካን ነገር አንድ በአንድ ያስተርከዋል። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 የመሠረተ ክርስቶስን ቤተክርስቲያን ሲዘጋ ደግሞ አማኞቹ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተገናኙ እግዚአብሔር ያደረገላቸውን ይነጋገሩ ነበር። ስለዚህ የሞርሞኖች ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚለየው አሠራሩ ላይ ነው።

ሞርሞኖች በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ይጾማሉ። ጾሙ ሁለት ተከታታይ ምግብ ከመብልም ከመጠጥም መታቀብ ነው። በዚያ የተረፈው የምግብ ወጪ ለድሆች መዋጮ ይሆናል። የዕለቱ ጉባኤ የጾምና የምስክርነት ስብሰባ ይባላል። መጀመሪያ ላይ የሚካሄደው ሐሙስ ቀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ እሑድ ተዛወረ፤ ሐሙስ ለሠራተኛ ሰው አይመችም ነበርና። ቅዱስ ቁርባኑ፣ ማለትም ዳቦና ውሃ፣ ከታደለ በኋላ ስብሰባውን የሚመራው ሰው አጭር ምስክርነት ይሰጥና መድረኩን ለሁሉም ይከፍታል። የተናጋሪዎች ዝርዝር የለም። ማንም ስሙ አይጠራም። የፈለገ ይነሳል፣ ያልፈለገ ይቀመጣል። አንዳንዴ ማንም ሳይነሳ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ያኔ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዝምታውን ለመሙላት የሚቸኩል የለም።

የሚነሱት ሰዎች ስብጥር ደስ ይላል። ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ ትናንት የተጠመቀ እንግዳ፣ እናቱ በጆሮው እያንሾካሾከችለት የሚናገር የአምስት ዓመት ልጅ። እልልታ የለም፣ ጭብጨባም የለም። ተናጋሪው «በኢየሱስ ክርስቶስ ስም» ብሎ ሲጨርስ ጉባኤው «አሜን» ይላል፣ አለቀ። ለእኛ ሰው ይህ ቀዝቀዝ ያለ ሊመስለው ይችላል። ግን እንባው እዚያም አለ። እንዲያውም ጸጥታው ተናጋሪው የሚለውን እያንዳንዷን ቃል ያሰማል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከመሥራቹ ይጀምራል። ጆሴፍ ስሚዝ በኒው ዮርክ ግዛት ፓልማይራ አካባቢ የሚኖር የገበሬ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን ሰባኪዎች እየተፎካከሩ «ወደ እኛ ኑ» ይሉ ነበር። ልጁ የትኛው እውነት እንደሆነ ግራ ገባው። እ.ኤ.አ. በ1820፣ በ14 ዓመቱ፣ ጫካ ገብቶ ሲጸልይ እግዚአብሔር አብና ኢየሱስ ክርስቶስ እንደተገለጡለት ተናገረ። ከወርቅ ሰሌዳ ተረጎምኩት ያለው፣ ሞርሞኖች ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ቅዱስ የሚሉት መጽሐፈ ሞርሞን በመጋቢት 1830 ታተመ፤ ቤተክርስቲያኗም ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው ዓመት ተመሠረተች (ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው)። ዛሬ መጽሐፉ በአማርኛም ይነበባል። በእያንዳንዱ ቅጂ መግቢያ ላይ የሦስት፣ ከዚያም የስምንት ሰዎች ምስክርነት ታትሟል። መጽሐፉ የተተረጎመበትን የወርቅ ሰሌዳ አይተናል ይላሉ። እምነቱ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «እኔ አየሁ» በሚሉ ሰዎች ቃል ነው የሚከፈተው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ጆሴፍ ስሚዝ ያንን የጫካ ጸሎት የተረከው አንዴ ብቻ አይደለም። የ1832፣ የ1835፣ የ1838 እና የ1842 ትረካዎቹ ዛሬም አሉ። አንድ ዓይነት አይደሉም። በመጀመሪያው ጎልቶ የሚታየው የኃጢአቱ ይቅርታ ነው። በ1838ቱ ደግሞ «የትኛው ቤተክርስቲያን ትክክል ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ተቺዎች ልዩነቱን የፈጠራ ምልክት ያደርጉታል። አማኞች ደግሞ ሰው ያንኑ ታሪክ በሃያዎቹ ዕድሜውና ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት አድርጎ አይነግርም ይላሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተወው። ግን ማንኛችንም ያመንንበትን ቀን ስንተርክ ዕድሜያችን የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ነገር አለ። የቁልቢዋ እናትም ልጇ አሥር ዓመት ሲሞላው ስለቷን ስታወራ ትረካዋ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ውሸታም ናት የሚላት የለም።

ምስክርነት በዚህች ቤተክርስቲያን ውስጥ ይህን ያህል የከበደበት ምክንያት አደረጃጀቷ ነው። በየአጥቢያው ደመወዝ የሚከፈለው ሰባኪ የለም። ኤጲስ ቆጶስ የሚሏቸው መሪ በሳምንቱ ቀናት መምህር፣ ነጋዴ ወይም መካኒክ ሊሆኑ ይችላሉ። በሌሎቹ እሑዶችም የሚሰብኩት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው መድረክ ላይ ሲቆም ምን ይዞ ይቆማል? የራሱን ሕይወት ነው። የጎረቤቱ ልምድ ለእሱ ትርጓሜ፣ የእሱ ልምድ ለጎረቤቱ ስብከት ይሆናል። ዓለምን የሚዞሩት ወጣት ሚስዮናውያንም እንዲሁ ናቸው። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ አሥራ ስምንት ወር ያገለግላሉ። ሰው ጥያቄ ሲያበዛባቸው ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት «እኔ ጸልዬ ያገኘሁት ይህ ነው፤ አንተም ጸልይና ጠይቅ» ብለው ነው።

ከእነዚህ ትረካዎች ሁሉ ለእኔ የጄን ማኒንግ ጄምስን የሚያህል የለም። ጄን በኮኔቲከት ግዛት የተወለደች ነፃ ጥቁር ሴት ነበረች። አምና ከተጠመቀች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1843 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሞርሞኖቹ ከተማ ናቩ ተነሳች። ኒው ዮርክ ግዛት ያለችው ቡፋሎ ከተማ ሲደርሱ በጀልባ የሚያሳፍራቸው ጠፋ። በእግር ሄዱ። መንገዱ ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ጫማቸው አለቀ፣ እግራቸው ተሰነጣጥቆ ደማ። በ1847 ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ገባች። በእርጅናዋ ሕይወቷን እየተናገረች አስጻፈች።

ትረካዋ የሚያምረው ስላልተለሰለሰ ነው። ያመነችባት ቤተክርስቲያን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት የቤተመቅደስ ሥርዓቶችን ከለከለቻት። ደጋግማ ጠየቀች፣ ደጋግመው እምቢ አሏት። እ.ኤ.አ. በ1908 ስታርፍ ጥያቄዋ አልተመለሰም ነበር። እምነቷን ግን አልተወችም። በቤተክርስቲያኗ ከ1852 ጀምሮ በይፋ የታወጀው ክልከላ የአፍሪካ ዘር ያላቸውን ወንዶች ክህነት ይነፍግ ነበር። የተነሳው በሰኔ 1978 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ለአፍሪካዊ አንባቢ ተደብቆ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዛሬ የቤተክርስቲያኗን ታሪክ ያለ ጄን መናገር አይቻልም። ይህ የሆነውም ትረካዋ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

ከ1978 በፊት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አስገራሚ ነገር ይካሄድ ነበር። በጋና ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን መጽሐፈ ሞርሞንን አንብቦ ከ1964 ጀምሮ ጉባኤዎችን አቋቋመ። አጥማቂ አልመጣለትም። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ጠበቀ። በናይጄሪያ አንቶኒ ኦቢና በሕልሙ ያየውን ሕንፃ ኋላ በመጽሔት ላይ አገኘሁት ብሎ መስክሯል። ሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው ቤተመቅደስ ነበር። ደብዳቤ ጻፈ፣ ጠበቀ፣ በኅዳር 1978 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ። ሕልም ለምስክርነት በር ሲከፍት ማየት ለሐረርጌ ሰው አዲስ አይሆንበትም።

የኢትዮጵያም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ለረሃብተኞች ልዩ ጾም አወጁ። ዕለቱ ጥር 27 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 19 ላይ ይውላል፤ የገብርኤል ዕለት መሆኑ ነው። ከምግብ የተረፈው ገንዘብ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ኤም. ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ የተባሉ መሪዎች እርዳታው የት እንደደረሰ ለማየት በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በአንድ እሑድ ተሰብስበው ለዝናብ ጸለዩ። ዝናቡም እንደመጣ ፔስ ኋላ መስክረዋል። የቤተክርስቲያኗ የዛሬው ሰፊ የእርዳታ ሥራ መነሻም ከዚያ ጾም ጋር ይያያዛል።

እኚሁ ባላርድ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ምስክርነት ራሱ ተናገሩ። ጉባኤው ላይ የጉዞ ወሬ፣ የቤተሰብ ምስጋናና የራስ ታሪክ ብቻ እየበዛ፣ ስለ ክርስቶስ የሚባለው እያነሰ ነው ብለው ወቀሱ። ምስክርነት አጭርና ጥርት ያለ ይሁን ነው ምክራቸው። እውነት አላቸው። የማያልቅ ወሬ ሰምተን የተሰላቸን ሁላችንም እንረዳቸዋለን። ግን እኔ በበኩሌ መንገዱ እንዳይቆረጥ እፈራለሁ። «ቤተክርስቲያኗ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲነገር ሸሚዝ የሌለው ኮሌታ ነው። ያ ሰው እንዴት እዚያ ደረሰ? ልጁ ሲታመም ምን ተሰማው? ጸልዮ መልስ ያጣባቸው ወራት አልነበሩም? ሰሚው ራሱን የሚያገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ጥርጣሬ ያለበት ሰው ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ሁሉም «አውቃለሁ» በሚልበት ጉባኤ ውስጥ «ገና እየፈለግኩ ነው» ማለት ከባድ ነው። ዲተር ኡክትዶርፍ የተባሉት መሪ በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ጥያቄ ያላቸውን ሰዎች በፍቅር ጠርተው «እምነታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁን ተጠራጠሩ» አሉ። ብዙዎችን አጽናንቷል። ከእምነቱ የወጡ ሰዎችም የራሳቸው ጉዞ አላቸው። ያንን ጉዞ እናትና አባት ቁጭ ብለው ሲሰሙ ቤተሰብ ይተርፋል፤ ሳይሰሙ ሲቀሩ ይበተናል። ይህን የምለው ስለ ሞርሞኖች ብቻ አይደለም። ድሬ ውስጥም ሃይማኖት ቀይሮ ከዘመድ የተቆራረጠ ሰው ሞልቷል።

ትረካው በአፍ ብቻ አይቀርም። ቤተክርስቲያኗ በተመሠረተችበት ዕለት መዝገብ እንዲያዝ ታዝዛለች ብለው ያምናሉ። ዊልፈርድ ዉድረፍ የተባሉት የቀድሞ ፕሬዚዳንታቸው ከ60 ዓመታት በላይ የዕለት ማስታወሻ ጽፈዋል። ተራ አባላትም ማስታወሻ እንዲይዙ፣ የአያቶቻቸውን ታሪክም እንዲሰበስቡ ይበረታታሉ። በዚህ በኩል ብንቀናባቸው አይፈረድብንም። የምድር ባቡር ጡረተኞቻችን የኖሩት ኑሮ፣ የከዚራና የመጋላ እናቶች በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት የጸለዩት ጸሎት፣ አብዛኛው በቃል ብቻ ነው ያለው።

ከከተማችን አንድ ሰው ይህን እምነት ቢቀበል የመጀመሪያ ምስክርነቱን የሚሰጠው ጸሎት ቤት ሳይሆን ረከቦት አጠገብ ይመስለኛል። ሞርሞኖች እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ የጥበብ ቃል የሚሉት ሕግ አላቸው። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትንባሆ ይከለክላል። የሐረርጌ ቡና አገር ላይ «አልጠጣም» ማለት ቀላል አይደለም። አክስቱ «ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» ትለዋለች። ያኔ ሁለት ምርጫ አለው፦ ሰበብ መፍጠር ወይም መንገዱን መንገር። ቢነግራት ላትስማማ ትችላለች። ግን አቦልን ሳይጠጣ፣ እስከ በረካ ቁጭ ብሎ ቢያጫውታት ከጨዋታው እንዳልወጣ ታያለች። የድሬ ሰው ደግሞ ጨዋታ ይወዳል እንጂ የሲኒ ቁጥር አይቆጣጠርም።

የሞርሞኖችን የምስክርነት ስብሰባ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ የወሩን የመጀመሪያ እሑድ ይምረጥ። ጉባኤው ለእንግዳ ክፍት ነው። የሙዳይ ምጽዋት አይዞርም፣ እንግዳ ተነስቶ እንዲናገርም አይገደድም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ይቻላል።