የጣሪያ ስፒከር በደሴ ሳሎን፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጣሪያ ስፒከር የሚባለው በሆም ቴአትር ውስጥ ድምፅ ከአድማጩ በላይ እንዲሰማ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል፣ ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበር ወይም ከታች ተቀምጦ ድምፁን ወደ ኮርኒስ የሚልክ ማጉያ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ገና የጥቂት ቤቶች ነገር ነው። ካርቶናቸው ላይ «ዶልቢ አትሞስ» የሚል ጽሑፍ (ዶልቢ የተባለው ኩባንያ ድምፅን ከላይም የሚያሰማበት ሥርዓት ስም ነው) ያለባቸው ሳውንድ ባሮች፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጡ ረጃጅም ስፒከሮች፣ ሱቅ ከገቡ ወዲህ ግን «እውነት ለውጥ አለው?» የሚለው ጥያቄ በገዢውም በገጣሚውም አፍ ይመላለሳል። ለውጥ አለው። ከሁለት ስፒከር ወደ አምስት ሲኬድ ከሚገኘው ግን ያንሳል፤ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው ደግሞ ከዕቃው ይልቅ የቤቱ ኮርኒስ ነው።

ታሪክ

ድምፅን ከላይ የማምጣት ሐሳብ ከዶልቢ በፊትም ነበረ። የጃፓኑ የቴሌቪዥን ድርጅት ኤንኤችኬ ያዘጋጀው 22.2 የተባለው ሥርዓት ዘጠኝ ስፒከር ከላይ፣ አሥር በመካከለኛ ከፍታ፣ ሦስት ከታች ያሰልፋል። ቤልጂየማዊው ዊልፍሪድ ቫን ቤለንም አውሮ-3ዲ የተባለውን ሥርዓት ያቀረበው አትሞስ ከመምጣቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ማን?» የሚለው ክርክር የሚያልቅ አይመስልም። ገበያውን የያዘው ግን አትሞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ቀረበ፣ በ2014 ቤት ገባ፤ ተፎካካሪው ዲቲኤስ ኤክስ በ2015 ተከተለ።

የአትሞስ አዲስነት የስፒከሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ቀድሞ የፊልሙ ድምፅ ቀላቃይ አንድን ድምፅ «ለኋላ ግራ ስፒከር» ብሎ ይመድበው ነበር። በአትሞስ ድምፁ ከነአድራሻው ይቀረጻል፦ ሄሊኮፕተሩ በዚህ ሰከንድ እዚህ ጋ፣ በዚህ ከፍታ። ቤት ያለው መሣሪያ አድራሻውን አንብቦ ባሉት ስፒከሮች ልክ ያከፋፍለዋል። የሲኒማው መሣሪያ እስከ 128 የድምፅ መስመር ተቀብሎ እስከ 64 ስፒከር ማዳረስ ይችላል። ቤት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 5.1.2 ወይም 5.1.4 ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ትይዩ ያሉትን፣ መካከለኛው ቤዝ የሚያወጣውን ሳብዉፈር፣ የመጨረሻው ከላይ ያሉትን ይቆጥራል።

በደሴ ነገሩ ከቪዲዮ ቤት ወደ ዲቪዲ ተሻገረ። አምስት ስፒከር ያለው የዲቪዲ ሆም ቴአትር ብዙ ሳሎን ገብቷል፤ አምስቱም ግን ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፎላቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተደርድረው ነው የሚታዩት። ከኋላ መቀመጥ የነበረባቸው ሁለቱ ከፊት እየጮኹ ዓመታት አለፉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ ቤትና ሱቅ ተዘርፎ ንግዱም ለጊዜው ቆሞ ነበር።

ጆሮና ከፍታ

ጆሮ ግራና ቀኝን የሚለየው ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ በሚደርስበት የጊዜና የጉልበት ልዩነት ነው። በዚህ የተካነ ነው፤ ፊት ለፊት ያለ ድምፅ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢዛወር ያውቀዋል። በቀጥታ ከአናት በላይ የሚመጣ ድምፅ ግን ለሁለቱም ጆሮ እኩል ይደርሳል። አንጎል ከፍታውን የሚገምተው የውጭው ጆሮ እጥፋቶች በቀጫጭኑ ድምፅ ላይ ከሚያደርሱት ለውጥ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከ5 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ባለው ክልል ነው። ስለዚህ የዝናብ ጠብታ፣ የወፍ ድምፅ፣ የቅጠል ኮሽታ ከላይ መምጣቱ ይታወቃል፤ የነጎድጓዱ ጉርምርምታ ግን ከየትም ቢመጣ ለጆሮ ያው ነው። ቀጭን ድምፁን አጥርቶ የማያወጣ ርካሽ ስፒከር ጣሪያ ላይ መስቀል ትርፉ ቀዳዳ ነው።

ኮርኒሱ

ወደ ላይ የሚተኩሱት ስፒከሮች 20 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ኮርኒሱን መትቶ ወደ አድማጩ ይመለሳል። ዶልቢ ለነዚህ የሚፈልገው ጠፍጣፋና ድምፅ የሚመልስ ኮርኒስ ነው፤ ከፍታው ከ2.3 እስከ 3.7 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፣ ከ4.3 ሜትር በላይ አይመከርም። በከፍታው በኩል አብዛኛው የደሴ ቤት ያልፋል። ችግሩ የተሠራበት ነገር ላይ ነው።

አቡጀዴ የተወጠረበት ኮርኒስ፣ ቀለም ቢቀባም፣ የሚፈለገውን ቀጭን ድምፅ ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ወደ ቆርቆሮው ያሳልፈዋል። እንዲህ ባለ ቤት ወደ ላይ የሚተኩስ ሳውንድ ባር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቺፕውድ ይመልሳል፤ ምስማሩ የላላበት ካለ ግን ቤዙ ሲመታ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጂፕሰም ጠፍጣፋ ሲሆን ጥሩ ነው፤ አሁን የተወደደው ባለ ደረጃና ባለ መብራት አሠራር ግን ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ከሁሉም የተሻለው የኮንዶሚኒየሙ ሶሌታ ነው፤ ውበት የለውም፣ ድምፅ ግን እንደ መስተዋት ይመልሳል።

ክረምትም ይቆጠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከላይ በስሱ እንዲሰማ የተቀረጸው ድምፅ ሁሉ ይዋጣል። የፊልም ዝናብ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለ ዝናብ ጋር አይወዳደርም።

አሰቃቀል

ኮርኒስ ላይ በቀጥታ የተሰቀለ ጥንድ ስፒከር ድምፁን ከታች ወደ ኮርኒስ ከሚተኩሰው ይበልጣል፤ በዚህ ላይ የሚከራከር ገጣሚ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ከሆኑ ቦታቸው ከአድማጩ ራስ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ነው። አራት ከሆኑ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ በ45 ዲግሪ ገደማ ይሰቀላሉ፤ ኮርኒሱ ከጆሮ 1.8 ሜትር ከራቀ ስፒከሩም ከተቀመጡበት በአግድም 1.8 ሜትር ይራቅ ማለት ነው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ በተደረደረበት ሳሎን የኋለኞቹ ሁለት ቦታ የላቸውም። ስለዚህ 5.1.2 ለደሴ ቤት የሚበቃ ይመስላል፤ አራቱ የግድ ናቸው የሚሉም አሉ።

መጅሊስ ባለበት ቤት ሌላ ሒሳብ አለ። ሶፋ ላይ የጆሮ ከፍታ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ነው፤ መጅሊስ ላይ ከ80 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጆሮ ዝቅ ባለ ቁጥር ከጎን ያሉት ስፒከሮችም መውረድ አለባቸው፤ እነሱ ከፍ ብለው ከቀሩ ከላይኞቹ ጋር ይቀላቀሉና ልዩነቱ ይጠፋል። በሌላ በኩል መጅሊስ ለጣሪያ ስፒከር ይመቻል፤ ኮርኒሱ ስለሚርቅ ድምፁ አንድ ሰው አናት ላይ ከመከመር ይልቅ ለተቀመጠው ሁሉ ይዳረሳል።

ስፒከሩ የሚታሰረው ከሞራሌው ጋር እንጂ ከቺፕውዱ ጋር አይደለም። ለመብራት የሚሸጠው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ለአንድ ሳሎን ይበቃል፤ አይጥ ባለበት ኮርኒስ ግን ቱቦ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ የቻይና ዕቃዎች ጀርባ ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠሩ የሚያሳስብ ምልክት ይገኛል። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ታመልጣለች፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስስ አየር የአምፕሊፋየርን ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ቡፌ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ይጎዳል።

የሚደመጠው

የጣሪያ ስፒከር የሚጠቅመው የተቀረጸለት ድምፅ ሲኖር ነው። በዲሽ የሚታዩት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ባለ ሁለት ቻናል ናቸው፤ ፍላሽ ላይ የሚጫኑ ፊልሞችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ። አትሞስ የያዘ ፊልም ቢኖር እንኳ ሳውንድ ባሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው በኦፕቲካል ገመድ ከሆነ አትሞሱ አያልፍም፤ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል።

ባለ ሁለት ቻናሉን ዘርግተው ወደ ላይ የሚያዳርሱ የዶልቢና የዲቲኤስ ማቀነባበሪያዎች አሉ። ለኳስ ጨዋታ የተመልካቹን ጩኸት ከፍ አድርገው ደስ ያሰኛሉ። ለሙዚቃ ግን፣ በተለይ በወሎ፣ ነገሩ አከራካሪ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ አገር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ እዚህ ያደገ ጆሮ ዜማ ሲበተንበት ያውቃል። መንዙማ ሲሰማ አውጪው ከፊት፣ ተቀባዮቹና ድቤው ከዙሪያው ቢሆኑ ያምራል፤ ማቀነባበሪያው ግን የአውጪውን ድምፅ ማስተጋባት ለይቶ ጣሪያ ላይ ሲሰቅለው ቃሉ ይደበዝዛል። በሪሞቱ «ስቴሪዮ» የሚለውን መርጦ በሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ማዳመጥ የተለመደው መፍትሔ ነው።